አዲሱ ኮምፓይለር አሮጌውን ኮድ ለምን መረጠ?

የውይይት ክሩን (ጥያቄና መልስ በተራ የሚጻፍበትን) የከፈተው ቦርከና በሚል ስም የሚጽፍ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም ዝርዝሩ የተሟላ ነበር። በሲፕላስፕላስ የተጻፈ የመኪና ሚዛን ፕሮግራም አለ፤ ከሚዛኑ ማሳያ ሳጥን በሲሪያል ኬብል ክብደት ያነብባል፣ ከዚያ የሚዛን ወረቀት ያትማል። ያው ኮድ በሦስት ቦታ ኮምፓይል ይደረጋል፣ ማለትም ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ይለወጣል፦ ሴንትኦኤስ 7 የሚባለው ሊነክስ በተጫነበት አሮጌ ሰርቨር ላይ በጂሲሲ 4.8.5፣ ደሴ ባለው ቢሮ ኡቡንቱ 18.04 ላይ በጂሲሲ 7.5፣ ኮምቦልቻ ባለው ላፕቶፕ ኡቡንቱ 22.04 ላይ በጂሲሲ 11.4። ሰርቨሩ ላይ የተሠራው ፕሮግራም እንከን የለውም። በሁለቱ አዳዲስ ኮምፓይለሮች የተሠራው ግን አልፎ አልፎ ቀድሞ የወጣውን መኪና ክብደት በሚቀጥለው መኪና ወረቀት ላይ ያትማል። ኮምፓይል ሲደረግ ኤረርም ዋርኒንግም አይታይም።

ቦርከና በኮዱ ውስጥ እንደ ኮምፓይለሩ ቨርዥን መንገድ የሚመርጠውን የሁኔታ መስመርም አያይዟል። የጂሲሲ ዋና ቁጥር 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ንዑስ ቁጥሩም 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኮዱ አቶሚክን (የጋራ መረጃ የሚጻፍበትንና የሚነበብበትን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቀውን) ይጠቀማል፤ ካልሆነ ወደ ኤልስ ይወርድና ንባቡ ዝግጁ መሆኑን የሚያመለክተውን ተለዋዋጭ ቮላታይል (ኮምፓይለሩ በየጊዜው ከሜሞሪ እንዲያነብበው የታዘዘ) ያደርጋል፣ ክብደቱን ግን ተራ ተለዋዋጭ አድርጎ ይተወዋል። 4.7 የተመረጠበት ምክንያት አለው፤ ጂሲሲ የሲፕላስፕላስ 11ን የሜሞሪ ሞዴል የሚከተሉትን አቶሚክ ቢልትኢኖች (ኮምፓይለሩ ውስጥ የተሠሩ ትእዛዞች) ያስገባው በዚያ ቨርዥን ነው። ጥያቄው እንግዲህ፣ ኮምፓይለሩ አዲስ በሆነ ቁጥር ፕሮግራሙ እንዴት ይበላሻል የሚል ነበር።

ክሩን ከነመልሶቹ የማሰፍረው ይህን መስመር የሚመስል ሁኔታ በብዙ ሰው ኮድ ውስጥ ስላለ ነው። ኮምፓይል እምቢ ሲል ሰው ያየዋል፤ እሺ ብሎ የማይፈለገውን ቅርንጫፍ ሲያስገባ ግን የሚታወቀው ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ነው።

መልስ 1 የጦሳ ነው። በትሕትና ሰላምታ ጀምሮ በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ገባ። ሁኔታው ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ነው የሚያየው። 4.8 ሲመጣ 4 አለፈ፣ 8ም ከ7 በለጠ፤ አቶሚክ ተመረጠ። 7.5 ሲመጣ 7 አለፈ፣ 5 ግን ከ7 አነሰ፤ ወደ ኤልስ ወረደ። 11.4ም እንደዚያው፣ በ4 ወደቀ። ስለዚህ አሮጌው ኮምፓይለር አዲሱን መንገድ፣ አዲሶቹ ደግሞ አሮጌውን መንገድ ያዙ። ማስተካከያው ዋናው ቁጥር ከ4 ከበለጠ፣ ወይም ዋናው ልክ 4 ሆኖ ንዑሱ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብሎ መጻፍ ነው። ይበልጥ የሚመከረው ግን አንድ ቁጥር መሥራት ነው፤ ዋናው በ10000፣ ንዑሱ በ100 ተባዝቶ የመጨረሻው የእርማት ቁጥር ይደመርበታል። 4.8.5 እንግዲህ 40805፣ 7.5.0 ደግሞ 70500፣ 11.4.0 ደግሞ 110400 ይሆናል፤ ሁሉም ከ40700 ጋር ይወዳደራል።

የወረቀቱ ስህተት ከየት እንደመጣም ጦሳ አልዘለለውም። ቮላታይል የሆነው ምልክቱ ብቻ ስለሆነ ኮምፓይለሩ በኦ2 ማፋጠኛ ሲሠራ ተራ የሆነውን ክብደት ምልክቱን ከመጠበቁ በፊት ሊያነብበው ይፈቀድለታል። ሬጂስተር ላይ የቀረው ቁጥር የቀድሞው መኪና ነው። ያለ ማፋጠኛ፣ በኦ0፣ ችግሩ አይታይም፤ ዲበግ ሲደረግ የሚሰወረውም ለዚህ ነው።

መልስ 2 ላይ አዝዋ ጦሳን አመስግና አንድ ጎዶሎ አሳየች። የአንድ ቁጥር ዘዴው ለጂሲሲ ልክ ነው፤ ክላንግ የሚባለው ሌላ ኮምፓይለር ሲመጣ ግን ይሳሳታል። ክላንግ የጂሲሲን ማክሮዎች (ኮምፓይል ሲደረግ በእሴታቸው የሚተኩ ስሞች) ራሱ ያውጃል፣ የሚሰጠውም ቁጥር 4.2.1 ነው፤ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን በዚህ ሒሳብ 40201 ሆኖ ከ40700 በታች ይቀራል። የቀድሞው የኢንቴል ኮምፓይለርም እንዲሁ ማሽኑ ላይ ያለውን የጂሲሲ ቁጥር ተውሶ ይናገራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ክላንግ ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ኢንቴል፣ ጂሲሲ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። ዊንዶውስ ላይ በማይክሮሶፍት አኳኋን የሚሠራው ክላንግ ደግሞ የማይክሮሶፍትን የቨርዥን ማክሮ እንጂ የጂሲሲን አያውጅም፤ እዚያም ክላንግ ቀድሞ ካልተጠየቀ ኮዱ ቪዥዋል ስቱዲዮ ያለ ይመስለዋል። የአፕል ክላንግ ቁጥር የራሱ ነው፣ ከዋናው ክላንግ ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማወዳደር አይቻልም አለች።

መልስ 3 ሆጤ የተባሉት ናቸው፤ ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። የእርሳቸው ሐሳብ የክሩን አቅጣጫ ቀየረው። ቨርዥን መጠየቁ ራሱ ነው ያልጣማቸው። ኮዱ የሚፈልገው አቶሚክን ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት አቶሚክ አለ ወይ ተብሎ ነው። ስታንዳርዱ ለዚህ መልስ አለው፦ የሲፕላስፕላስ ማክሮ 201103 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቋንቋው ቢያንስ ሲፕላስፕላስ 11 ነው፤ ቀጣዮቹ 201402፣ 201703፣ 202002 ናቸው። ጂሲሲ ከ4.7 በፊት ይህን ማክሮ 1 ብቻ ያደርገው ስለነበር አሮጌዎቹ በራሳቸው ጊዜ ይወድቃሉ፣ ይህም እዚህ ላይ የሚፈለግ ነው። ዳሩ ግን ማክሮው የሚነግረው የተመረጠውን ስታንዳርድ ነው። ጂሲሲ 4.8 ሲፕላስፕላስ 11 ካልተባለ በነባሪው በሲፕላስፕላስ 98 ይሠራል፤ ከ6 ጀምሮ ነባሪው 14፣ ከ11 ጀምሮ 17 ሆኗል። ስለዚህ በሦስቱም ማሽን ላይ ስታንዳርዱን በግልጽ በፍላግ (ኮምፓይለሩ ሲጠራ በሚጻፍ አማራጭ) መስጠት ግድ ነው፤ ነባሪውን መተው በየቨርዥኑ ሌላ ቋንቋ መጻፍ ነው ብለው አሰመሩበት።

ቨርዥን መጠየቅ የሚገባበትን ቦታም ሆጤ ለይተው አስቀመጡ፦ በአንድ የታወቀ ቨርዥን ላይ ያለን ሳንካ ለመሸሽ። ያኔ ሁኔታው ከታችም ከላይም ወሰን ይኖረዋል፣ ሳንካው የገባበትና የተስተካከለበት። በእኔ ግምት በክሩ ውስጥ ከተባለው ሁሉ ቶሎ ሥራ ላይ የሚውለው ይህ ልዩነት ነው፤ አቅም ሲሆን ስለ አቅሙ፣ ሳንካ ሲሆን ስለ ቨርዥኑ።

መልስ 4 ሰኞ ገበያ በሚል ስም የሚጽፍ የዊንዶውስ ሰው ነው። የሆጤን ሐሳብ ተቀብሎ ማይክሮሶፍት ላይ የሚሰናከልበትን አሳየ። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር የሲፕላስፕላስን ማክሮ በነባሪው 199711 ብሎ ነው የሚያውጀው፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ 2022ም ቢሆን። ትክክለኛውን እንዲናገር ዜድሲ የሚባለው ፍላግ ከማክሮው ስም ጋር መሰጠት አለበት፤ ይህ ፍላግ የመጣው ከቪዥዋል ስቱዲዮ 2017 የ15.7 ማሻሻያ ጋር ነው። ፍላጉን መስጠት ካልተቻለ ኤምኤስቪሲ ላንግ የሚባለው ሌላ ማክሮ እውነተኛውን ቁጥር ይዟል። የኮምፓይለሩን የቨርዥን ቁጥርም ዘረዘረ፦ በቪዥዋል ስቱዲዮ 2012 ላይ 1700፣ 2013 ላይ 1800፣ 2015 ላይ 1900፣ 2017 ከ1910 እስከ 1916፣ 2019 ከ1920 እስከ 1929፣ 2022 ከ1930 ጀምሮ። ብዙ ሰው 2017ን 2000 ይሆናል ብሎ ስለሚገምት ሁኔታው መቼም እውነት አይሆንለትም። አቶሚክ ሄደር (ኮዱ የሚያስገባው የአዋጆች ፋይል) እዚያ ያለው ከ2012 ጀምሮ ስለሆነ 1700 በቂ ድንበር ነው።

መልስ 5 ላይ ቦርከና ተመልሶ መጣ። በሆጤ ምክር ሄደር መኖሩን የሚጠይቀውን ሃዝ ኢንክሉድ ሞክሮት ነበር፤ ሃዝ ኢንክሉድ ራሱ ታውጇልን፣ እና ሄደሩ አለን የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ መስመር አያይዞ ጻፋቸው። 11.4 ተቀበለው፤ 4.8 ግን ከቅንፉ በፊት ኦፕሬተር ጎደለ ብሎ ቆመ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሐሰት ከሆነ ሁለተኛው ይዘለላል ብሎ ነበር የጠበቀው።

መልስ 6፣ አዝዋ፦ አይዘለልም። ፕሪፕሮሰሰሩ (ከኮምፓይል በፊት እነዚህን ሁኔታዎች የሚያየው ክፍል) ከማስላቱ በፊት መስመሩን በሙሉ እንደ አንድ ሐረግ ማንበብ አለበት፤ ሃዝ ኢንክሉድን የማያውቅ ኮምፓይለር የማያውቀው ስም፣ ከዚያ ቅንፍ፣ ከዚያ የማዕዘን ምልክት ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁለቱ በሁለት መስመር ይቀመጣሉ፤ ከውጭ የመታወጁ ጥያቄ፣ ከውስጡ የሄደሩ ጥያቄ። ጂሲሲ ሃዝ ኢንክሉድንና ሃዝ አትሪቢዩትን ያወቀው ከ5 ጀምሮ ነው፤ ሃዝ ቢልትኢንን ከ10፤ የክላንጉን ሃዝ ፊቸር ደግሞ ከ14። ለማያውቁት ዜሮ የሚመልስ ማክሮ በዚያው ስም ማወጅ የተለመደ ነው፤ አዝዋ ግን በራስ ፕሮጀክት ስም በሚጀምር ሌላ ማክሮ መጠቅለሉን መረጠች። በዋናው ስም ካወጅነው ከእኛ በኋላ የሚገቡ የሌሎች ሄደሮች ኮምፓይለሩ የሚያውቀው መስሏቸው ይሳሳታሉ።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ጨዋ ነበር። መልስ 7 ላይ ሸዋ በር የሚባለው ገብቶ ይህ ሁሉ ድካም የማይገባ ነው አለ። ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ሰርቨሩ ይቀየር፣ ኤልሱ ይጥፋ፣ አንድ ኮምፓይለር ይያዝ። ሰው የሞተ ስርዓት እየታቀፈ ለምን ማክሮ ይቆልላል ብሎ ጠየቀ፣ ቃሉም ጠንከር ያለ ነበር።

መልስ 8 ላይ ቦርከና ተናደደ። ሰርቨሩ የእርሱ አይደለም፣ የሚቀየርበትንም ቀን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ ወንድሜ፣ የማሽኑን ባለቤት ሳታውቅ አትፍረድ አለው። መልስ 9 ከሐረጎ መጣ፤ ኮምፓይለር ከነጥገኞቹ በሞባይል ዳታ ማውረድ፣ መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ ደግሞ ከጅምሩ መነሣት ለብዙ ሰው ቀላል እንዳልሆነ አነሣ፤ ከዚያ ወሬው ስለ መብራትና ስለ ዩፒኤስ ባትሪ ሆኖ ለጥቂት መልሶች ተንሸራተተ። ያን ክፍል እዘለዋለሁ።

መልስ 12 ላይ ጦሳ ሁለቱንም የሚያስማማ መንገድ ይዞ መጣ። ለሴንትኦኤስ 7 ዴቨሎፐር ቱልሴት የሚባል ጥቅል አለ፤ አዲስ ጂሲሲ ከስርዓቱ ኮምፓይለር ጎን ያስቀምጣል፣ አሮጌውን አይነካም። አዲሱን የስታንዳርድ ላይብረሪ ክፍል ወደ ፕሮግራሙ ውስጥ በስታቲክ ስለሚያስገባ የተሠራው ፋይል አዲስ ላይብረሪ ሳይጫን በዚያው ማሽን ላይ ይሄዳል። ጥቅሎቹ አሁን የሚገኙት ከማኅደሩ ማከማቻ ስለሆነ የሪፖዚተሪ ፋይሉ ወደዚያ መዞር አለበት፤ አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ሊያዞራቸውም ይችላል። ሸዋ በር ይህን አይቶ ለዘብ አለ፤ ይቅርታም ጠየቀ፣ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

መልስ 13፣ እንደገና ሆጤ፦ የኮምፓይለር ቨርዥንና የላይብረሪ ቨርዥን አንድ አይደሉም። ሊነክስ ላይ ክላንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው የጂሲሲን ላይብረሪ ነው፤ አዲስ ክላንግ አሮጌ ላይብረሪ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ላይብረሪውን ለመጠየቅ የራሱ የሪሊዝ ማክሮ አለ፣ ከጂሲሲ 7 ጀምሮ የሚታወጅ። ከዚያ በፊት የነበረው ቀኑን የሚይዘው ማክሮ ነው፤ ለአሮጌ ቅርንጫፎች የወጡ እርማቶች ከአዲሱ ሪሊዝ ዘግይተው ስለሚወጡ ቀኑ ቅደም ተከተሉን አያሳይም። ሁለት ምሳሌ ጨመሩ። ፋይልሲስተም ሄደር በጂሲሲ 8 አለ፣ ሊንክ ሲደረግ (ክፍሎቹ ወደ አንድ ፕሮግራም ሲገጣጠሙ) ግን ተጨማሪውን የኤፍኤስ ላይብረሪ መጥራት ያስፈልጋል፤ ከ9 ጀምሮ አያስፈልግም። ሄደሩን ብቻ የጠየቀ ሰው ኮምፓይል ሆኖለት ሊንክ ላይ ይወድቃል። የባሰው ሬጌክስ (ጽሑፍን በቅርጹ መፈለጊያ) ነው፦ በጂሲሲ 4.8 ሄደሩ አለ፣ ኮምፓይል ይሆናል፣ ሊንክ ይሆናል፣ ሲሠራ ግን ትክክለኛ የሆነን ሐረግ እንኳ ስህተት ነው ብሎ ይጥላል። የተስተካከለው በ4.9 ነው። እዚህ ላይ የሄደር መኖርም የስታንዳርድ ቁጥርም አይበቃም፤ ወይ የቨርዥን ወሰን፣ ወይ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ አስኪዶ ማየት ያስፈልጋል። ሰርቨሩ 4.8 ስለሆነ ቦርከናን ሬጌክስ ኮዱ ውስጥ አለ ወይ ብለው ጠየቁት። የለም አለ።

መልስ 14 የጦሳ ነው፤ የሚሻለው ክፍል ይህ ይመስለኛል። ፕሪፕሮሰሰር ያልታወጀን ስም በኢፍ ውስጥ ሲያገኝ ኤረር አይሰጥም፣ ዜሮ አድርጎ ይቀጥላል። የማክሮው ስም ከፊቱ ሁለት አንደርስኮር ሲገባው አንድ ብቻ ከተጻፈ ሁኔታው ሁልጊዜ ሐሰት ነው፣ ማንም አይናገርም። ለዚህ ዋንዴፍ የሚባለው ዋርኒንግ አለ፣ በነባሪው ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ የተለመደው ዎል የሚባለው ፍላግም አያበራውም። ስለዚህ በስሙ ማብራትና ወደ ኤረር ማሳደግ ያስፈልጋል። የውጭ ሄደሮች በዋርኒንግ እንዳያጥለቀልቁ አቃፊያቸውን በአይሲስተም ፍላግ ማስገባት ይበቃል። ሁለተኛው ምክሩ የመጨረሻው ኤልስ ባዶ እንዳይሆን ነው። አቶሚክ ካልተገኘ ወደ ቮላታይል መውረድ ሳይሆን የኤረር መመሪያ ተጽፎ ቢልዱ ይቁም፤ መልእክቱ ውስጥም የትኛው ሁኔታ እንዳልተሟላ ይገለጽ። የቮላታይሉ ቅርንጫፍ በማንኛውም ኮምፓይለር ላይ ልክ እንዳልነበረ፣ ስለዚህ መውረጃ መሆን እንደማይገባውም ጨመረ።

ሐረጎ መልስ 15 ላይ ተደራርበው የሚመጡትን ኤልስና ኢፍዴፎች (ማክሮው ታውጇል ወይ የሚሉ መመሪያዎች) ለማሳጠር ሁለቱን የሚያጣምረውን አዲሱን ኤሊፍዴፍ መመሪያ እንዲጠቀሙ ሐሳብ አቀረበ፤ በሲ 23 ስታንዳርድ ገብቷል፣ ኮዱም ንጹሕ ይሆናል አለ።

መልስ 16 ላይ አዝዋ አልታገሠችውም። ሐረጎ የጻፈውን በ4.8ም ሆነ በ7.5 ሳይሞክር እንደጻፈ በግልጽ ተናግራ ምክንያቱን አስከተለች። ኤሊፍዴፍን ጂሲሲ ያወቀው በ12፣ ክላንግ በ13 ነው። አሮጌ ኮምፓይለር የመጀመሪያውን ኢፍዴፍ ሐሰት ካገኘው ተከታዩን ሁሉ እየዘለለ ይሄዳል፤ በሚዘለል ክፍል ውስጥ ያለ የማይታወቅ መመሪያ ደግሞ ኤረር አይደለም፣ እሱም ይዘለላል። ስለዚህ ሁለተኛው ቅርንጫፍ እውነት ቢሆንም አይመረጥም፤ ኮምፓይሉ ያለ ድምፅ ያልፋል። ይህ ክሩ የተከፈተበት ችግር ራሱ ነው። የብዙ ቨርዥን ኮድ ውስጥ ያለው የድሮው ኤሊፍ ከዲፋይንድ ጋር ይበቃል። አንድ ማስጠንቀቂያም አከለች፦ ዲፋይንድን በማክሮ ውስጥ ደብቆ ያን ማክሮ በኢፍ መጥራት በስታንዳርዱ ውጤቱ ያልተወሰነ ነው፤ ኮምፓይለሮች አይስማሙበትም፣ ጂሲሲ ከ7 ጀምሮ የሚያስጠነቅቅበት ዋርኒንግም አለው። ሐረጎ ልክ ናት ብሎ መልሱን አረመ፤ ቃሏ ግን ከብዶት እንደነበር ከመልሱ ይታያል። ሆጤም ልጆች ረጋ በሉ ብለው አለፉት።

መልስ 18 ላይ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሆነ ተማሪ ሌላ ነገር ጠየቀ። አንድ የድሮ የሲ ፕሮጀክት በጂሲሲ 13 ደህና ይሠራል፤ በ14 ሲሠራ ኮንፊገር (ከኮምፓይል በፊት የማሽኑን አቅም የሚፈትሸው ስክሪፕት) ሳይወድቅ ያልፋል፣ ነገር ግን ግማሹ አገልግሎት ጠፍቶ ይወጣል። በ15 ደግሞ ቡል የሚለው ቃል ላይ ኤረር ይሰጣል።

መልስ 19 ላይ ሆጤ የ14ቱን ሲያብራሩ፣ ይህ ቨርዥን በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ ሲወጣ ያልታወጀ ፈንክሽን መጥራትን ከዋርኒንግ ወደ ኤረር እንዳሳደገ ተናገሩ። ኮንፊገር አቅም የሚፈትሸው ትናንሽ ፕሮግራሞችን ኮምፓይል እያደረገ ነው፤ ከእነዚህ አሮጌዎቹ ሄደሩን ሳያስገቡ ኤግዚትን ይጠራሉ። ፈተናው በዚያ ምክንያት ይወድቃል፣ ኮንፊገርም የተፈተነው አቅም የለም ብሎ ይመዘግባል። የሚታየው የለም የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ያለው ኮንፊግ ሎግ ፋይል ውስጥ ነው። በ13 እና በ14 የተገኙትን ሁለት የኮንፊግ ሄደሮች በዲፍ ማወዳደር የትኞቹ እንደጠፉ ወዲያው ያሳያል፤ መፍትሔው ኮንፊገሩን በአዲስ አውቶኮንፍ እንደገና ማመንጨት፣ በእጅ የተጻፉ ፈተናዎችን ደግሞ ማረም ነው።

የ15ቱን አዝዋ ወሰደችው። በ2017 ሚያዝያ የወጣው ጂሲሲ 15 የሲ ነባሪውን ወደ 23 ቀይሯል። በዚያ ስታንዳርድ ቡል፣ ትሩና ፎልስ ቁልፍ ቃላት ናቸው፤ ቡልን በታይፕዴፍ (ለዓይነት ስም በሚሰጠው ቃል) የሚያውጅ የድሮ ሄደር ይወድቃል። ባዶ ቅንፍ ያለው የፈንክሽን አዋጅም ምንም አይቀበልም ማለት ሆኗል፣ ስለዚህ የድሮ የፈንክሽን ጠቋሚዎች አይገጥሙም። ለጊዜው ስታንዳርዱን 17 ብሎ በፍላግ መስጠት ያስኬዳል። ለዘላቂው ታይፕዴፉን የስታንዳርድ ሲ ቨርዥን ማክሮ ከ201710 በማይበልጥበት ሁኔታ ውስጥ ማስገባት ነው፤ የጂሲሲ ቁጥር 15 ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም በ15 ላይም 17ን የሚመርጥ ሰው አለ።

ሲሜክ የሚባለውን የቢልድ መሣሪያ የሚጠቀሙ ደግሞ የፈተና ውጤት ካሽ ፋይሉ ውስጥ እንደሚቀመጥ ጦሳ አስታወሰ፤ ኮምፓይለር ተቀይሮ የቢልድ አቃፊው ካልጠፋ የድሮው መልስ ይቀጥላል። ከ3.24 ጀምሮ ፍሬሽ የሚባለው አማራጭ ካሹን ያጸዳል፤ ከዚያ በፊት ከሆነ አቃፊውን መሰረዝ ነው።

ከዚያ ክሩ ደስ የሚል መታጠፊያ ወሰደ። ሰኞ ገበያ የሚዛን ወረቀቱ በአማርኛ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ነው ሲባል ዊንዶውስ ላይ ጽሑፉ እንዳይበላሽ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ ብቻ እንደማይበቃ ተናገረ። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ከፊቱ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት የሌለውን ፋይል በማሽኑ ኮድ ገጽ ነው የሚያነብበው፤ ዩቲኤፍ 8 የሚለው ፍላግ መሰጠት አለበት። ተማሪው በዚህ ተነሣሥቶ የተለዋዋጭ ስም በአማርኛ ይቻላል ወይ አለ። አዝዋ መለሰችለት፦ ጂሲሲ ከ10 ጀምሮ የግዕዝ ፊደል በስም ውስጥ በቀጥታ ይቀበላል፤ ክላንግ ከዚያ ቀደም ብሎ ይቀበል ነበር። ደሴ ያለው 7.5 ላይ ግን 341 የሚል ቁጥር የያዘ የባዘነ ፊደል ኤረር ይወጣል፤ 341 የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ የመጀመሪያው ባይት ነው፣ በስምንት ቤት ቁጥር። በሁኔታ ሊታለፍ የማይችል ልዩነት ነው፤ ስሙ ኮዱ ውስጥ ሁሉ ይገባልና። አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝም የወረቀቱን ዓምድ በባይት ብዛት የሚለካ ኮድ እንደሚዛነፍ ተነሣ፤ ስለ አታሚ ብዙ ተባለ፣ ጠቃሚ ነው፣ ለብቻው ክር ይገባዋል።

መልስ 27 ላይ ሸዋ በር ራሱ የሚረዳ ነገር ይዞ ተመለሰ። የቦርከና ሜክፋይል (የኮምፓይል ትእዛዞቹን የያዘው ፋይል) ደግሞ የኮምፓይለሩን ቁጥር ዳምፕቨርዥን በሚለው አማራጭ አውጥቶ እንደ ጽሑፍ ያወዳድራል። ኡቡንቱ ላይ ይህ አማራጭ ከ7 ጀምሮ ዋናውን ቁጥር ብቻ ያትማል፤ እንደ ጽሑፍ ሲታይ ደግሞ 11 ከ4.8 ይቀድማል፣ 1 ከ4 በፊት ነውና። ማስተካከያው ዳምፕፉልቨርዥንና ዳምፕቨርዥንን በአንድ ትእዛዝ፣ በዚህ ቅደም ተከተል መስጠት ነው፤ አዲሶቹ ሙሉውን ያትማሉ፣ አሮጌዎቹም የሚያውቁትን። ውጤቱን በሶርት ትእዛዝ በትልቁ ቪ አማራጭ ማወዳደር። ቦርከና አመሰገነው፤ የቀደመው ቅያሜ በዚያው ተነሣ።

መልስ 29 ላይ ቦርከና የደረሰበትን አሳወቀ። የቨርዥን ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንድ ሄደር ተሰብስበዋል፤ ሌላ ፋይል የኮምፓይለር ማክሮ አይነካም፣ ይህ ሄደር ያወጃቸውን የአቅም ማክሮዎች ብቻ ያያል። እነዚህም ሁልጊዜ 0 ወይም 1 ሆነው ይታወጃሉ፣ ስለዚህ በኢፍዴፍ ሳይሆን በኢፍ ይጠየቃሉ፤ የተሳሳተ ስም ቢጻፍ ዋንዴፍ ይይዘዋል። ስታንዳርዱ በሦስቱም ማሽን 11 ተብሎ ተሰጥቷል። አቶሚክ በማይክሮሶፍት በ1700፣ በሌሎቹ በ201103 ተጠይቋል፤ ሁለቱም ካልሆኑ ኤረር።

ማረጋገጫውንም በጦሳ ምክር ነው ያደረገው። ጂሲሲ በትንሹ ዲና በትልቁ ኤም፣ ቀጥሎም በትልቁ ኢ አማራጭ ሲጠራ የታወጁትን ማክሮዎች በሙሉ ይዘረዝራል። ያን ሄደር እንደ ግብዓት ሰጥቶ፣ ከፕሮጀክቱ ስም የሚጀምሩትን ብቻ በግሬፕ አጥርቶ፣ በሶርት ደርድሮ፣ የሦስቱን ማሽን ዝርዝር በዲፍ አወዳደረ። ቢልድ ከሚጠቀምባቸው ፍላጎች ጋር መጠራት እንዳለበት ጦሳ አጥብቆ ነግሮት ነበር፤ ስታንዳርዱ ካልተሰጠ 4.8 የ98ቱን መልስ ነው የሚሰጠው። ሦስቱም ዝርዝር አሁን አቶሚክን 1 ይላሉ።

መልስ 30፣ ሆጤ፦ እንግዲያው የቮላታይሉ ቅርንጫፍ ይውጣ። በእጅ ሲወጣ ኢንዲፍ (የሁኔታው መዝጊያ) ይሳሳታል፤ ዩኒፍዴፍ የሚባለው መሣሪያ አለ፣ የትኛው ማክሮ 1 እንደሆነ ሲነገረው የሞተውን ክፍል ከነመመሪያው አጥፍቶ የቀረውን መስመር ሳይነካ ይተወዋል። ያልተነገረውን ማክሮ የያዘ ሁኔታ ካገኘ እንዳለ ስለሚተወው ከሠራ በኋላ የቀሩትን ኢፎች በግሬፕ ማየት ያስፈልጋል።

መልስ 31 ላይ ተማሪው የተነሣው ኮድ ቢፈለግስ አለ። በጊት ታሪክ ውስጥ አለ ብሎ ጦሳ መለሰ፤ ቦርከናም ለውጡን ለብቻው ኮሚት አድርጎ ሄደሩን ክሩ ላይ ለጠፈው።